ጥላ ሳትለካ መሠረት አታስቆፍር

ልጄ፣ መስቀልን ከእኛ ጋር ውለህ ክትፎውንም ቀምሰሃል። ወደ መርካቶ ከመመለስህ በፊት ያነሣኸውን የቤት ነገር ልመልስልህ። «ጋሼ፣ ቡታጅራ ለምሠራው ቤት መስኮቱን ወዴት ላዙረው? በረንዳውስ?» ብለህ ስትጠይቀኝ ዝም ብዬ አንድ ሜትር የሚሆን ዕንጨት ግቢው መካከል ተከልሁ። ለምን እንደሆነ ያኔ አልነገርሁህም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርልህ።

ክረምት የሚበርደን ፀሐይ ስለምትርቀን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። መምህር በነበርሁበት ዘመን ተማሪዎቼም እንዲሁ ይሉ ነበር። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። በሐምሌ ጭቃ ስንዳክር ፀሐይዋ አናታችን አካባቢ ናት፤ የከለለን ደመናው ነው። ወልቂጤም ቡታጅራም ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ በአናታችን ታልፋለች፤ አንዴ በሚያዝያ መጀመሪያ፣ አንዴ ደግሞ በነሐሴ መጨረሻ። በእነዚያ ቀናት ቀትር ላይ ብትቆም ጥላህ ከእግርህ ሥር አይወጣም። ቀትር ስልህ ግን በሰዓትህ ልክ 6 ሰዓት ማለቴ አይደለም፤ የእኛ ቀትር ወደ 6 ሰዓት ተኩል ይጠጋል። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ከእኛ በስተ ሰሜን ትሆንና ጥላችን ወደ ደቡብ ይወድቃል። ከዚያ ወዲህ ተገልብጦ በጋውን ሙሉ ወደ ሰሜን ነው።

ቀኑም ቢሆን የሚረዝመው በሰኔ ነው። ከታኅሣሡ ጋር ያለው ልዩነት ግን አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላምና ማንም ልብ አይለውም። ስቶክሆልም ያለ ዘመድ ካለህ ጠይቀው፤ እዚያ የሰኔ ቀን ከ18 ሰዓት ይበልጣል፣ የታኅሣሡ 6 ሰዓት ገደማ ነው። እነሱን የሚያሞቃቸውም የሚያበርዳቸውም የምድር ማዘንበል ነው፤ ለእኛ ግን ወሳኙ ዝናቡና ደመናው ነው። እንዲያውም ምድር ለፀሐይ እጅግ የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ፣ እጅግ የምትርቀው በሰኔ መጨረሻ ነው፤ 147 ሚሊዮን እና 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር። ርቀቱ ቢሆን ኖሮ የስቶክሆልም ሰው በታኅሣሥ ባልቀዘቀዘ ነበር።

ይህን ሁሉ ለተማሪ እያስተማርሁ በገዛ ግቢዬ የሠራሁትን ስሕተት ልንገርህ። አንድ ዓመት በኅዳር የለቀምነውን በርበሬ ከቤቱ ጀርባ፣ ከሰሜኑ ግድግዳ ሥር ሰሌን ላይ አሰጣሁ። በክረምት ፀሐይ ብልጭ ስትል የምታርፍበት ቦታ ስለነበር አመንሁት። በኅዳር ግን ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ዞራለች፤ የግድግዳው ጥላ ቀኑን ሙሉ ከሰሌኑ አልተነሣም። ከላይ ሲያዩት ቀይ፣ ያማረ ነው። በአራተኛው ቀን አንዱን ዛላ አንሥቼ ስሰነጥቀው ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ግራጫ ሻጋታ ፍሬውን አልብሶታል፤ ሽታው እንደ እርጥብ ጆንያ። እናትህ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ እየሰነጠቀች ስትለይ ዋለች፣ ከግማሹ በላይ ተጣለ። የሻገተ በርበሬ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊኖረው ይችላልና «ይፈጭ፣ ምን አለበት» የሚልህን አትስማው። ሠርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ እንዲሉ፣ ያን ዓመት ለራሳችን ድግስ በርበሬ ገዛን።

ስለዚህ ሳሎንህንና ማስጫህን ወደ ደቡብ አድርጋቸው። በጋ ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሆነ ፀሐይ ሳትቆራረጥ የምታገኘው ያኔ ነው፣ የምትመጣውም ከደቡብ ነው። ጣሪያ ላይ የምታወጣው ሶላርም ትንሽ ወደ ደቡብ ያጋድል፤ ጋደል ማለቱ አቧራውን ዝናብ እንዲያጥብልህም ይረዳል። ምዕራቡን ግን ቡታጅራ ላይ አትመነው። ከተማዋ ከዘቢዳር ሰንሰለት በስተ ምሥራቅ ስለተቀመጠች ጀምበር ሳትጠልቅ ተራራው ይጋርዳታል። አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀምበር ሳለ ሩጥ የሚባለው ለቡታጅራ ማስጫ የተነገረ ይመስለኛል። ወልቂጤ ያለው ወንድምህ ተራራው በስተ ምሥራቁ ነውና የአንተን ፕላን እንዳለ አይቅዳ።

ስለ ብርዱም አትታለል። ደመና የምድር ጋቢ ነው፤ ቀን ፀሐይን ቢከለክልም ሌሊት ሙቀቱን ይይዝልናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጋቢው ይገፈፋል፤ ቀን ትሞቃለህ፣ ሌሊት ምድር ሙቀቷን ወደ ጥርት ሰማይ ትለቃለች። ወደ ጉመር ደጋ የወጣህ እንደሆነ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳዩን ታየዋለህ፣ የእንሰቱም ቅጠል እንደተለበለበ ይቀራል። ከጓሮህ የምትተክለው ችግኝ ካለ ከኅዳር በፊት ሽፋን አብጅለት፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ። ኮከቡ የበዛበትን ሌሊት ፍራ፣ ሽፋኑንም ያን ዕለት ማታ አልብሰው።

ዕንጨቱን አልነቅለውም። ዛሬ ቀትር ላይ ጥላው ወደ ሰሜን አንድ ስንዝር እንኳ አልሞላም፤ ጫፉ ላይ ጠጠር አስቀምጫለሁ። ታኅሣሥ 12 ከስድስት ሰዓት ተኩል በፊት ደውልልኝ። የዚያን ቀን ጥላ ከ60 ሳንቲ ሜትር ያልፋል፤ ሁለተኛውን ጠጠር አስቀምጬ ልኩን እነግርሃለሁ። ግንበኛውን ከዚያ ወዲያ ጥራው።