ሃምሳ ሎሚ በአንድ አጥቂ ጫንቃ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት የመዋጮ ተረት ነው። ዕቁብ ሲጠነሰስ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል፣ ሠርግ ሲደገስ አንዱ ሽማግሌ ይጠቅሰዋል፤ የሰማውም እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በሚኖሩበት በእስራኤሏ ረሆቮት ከተማ ኪርያት ሞሼ ሰፈርም ቢነገር እንግዳ አይሆንም። ከተማዋ በብርቱካን እርሻ ያደገች፣ ዓርማዋ ላይም ብርቱካን ያሳለች ናት፤ የሎሚ ሸክም እዚያ ማስረዳት አያስፈልግም።

ተረቱ ግን ስለ ሸክሙ እንጂ ስለ ተሸካሚው ብዙም አያወራም። ሃምሳውን ብቻውን የተሸከመ ሰው ምን ይሆናል? ሲተወውስ?

እንግሊዛዊው አጥቂ ሃሪ ኬን እዚህ ላይ ጥሩ መፈተኛ ነው። ቶተንሃም ገና በወጣትነቱ ለአራት ክለቦች አከታትሎ በውሰት ሰጠው። ኋላ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲለቅ በ435 ጨዋታ 280 ጎል አስቆጥሮ ነበር፤ በክለቡ ታሪክ ይህን ያህል ያገባ የለም። ያነሳው ዋንጫ ግን አንድም አልነበረም። ተረቱን የሚወድ ሰው «ብቻውን ስለተሸከመ ነዋ!» ሊል ይችላል። እኔ አይዋጥልኝም። በ2020/21 የውድድር ዘመን ኬን በፕሪሚየር ሊጉ 23 ጎል አግብቶ አንደኛ፣ 14 ለጎል የበቃ ኳስ አቀብሎም አንደኛ ነበር። ሎሚውን ሲያከፋፍል ነው የዋለው። ቶተንሃም ሰባተኛ ሆኖ ጨረሰ።

ከዚያ ግንቦት 2025 መጣ። ከቶተንሃም ወጥቶ የሄደበት ባየርን ሙኒክ የጀርመን ሻምፒዮን መሆኑ ሲረጋገጥ፣ ኬን የመጀመሪያ ትልቅ ዋንጫውን ያገኘው ሜዳ ላይ ሆኖ አይደለም። በካርድ ታግዶ የላይፕዚጉ ጨዋታ አመለጠው፤ በማግስቱ ተፎካካሪው ሌቨርኩሰን ከፍራይቡርግ ጋር 2 ለ 2 ሲወጣ ነገሩ አለቀ። ጀርመን ውስጥ ጎል ማግባቱን አልተወም፤ ከጎኑ ግን የሚሸከም ሞልቶ ነበር። ለተረቱ ይህን ያህል የሚመች ማስረጃ ከየት ይመጣል?

ችግሩ፣ በዚያው ወር ቶተንሃምም ያለ እሱ ማንቸስተር ዩናይትድን 1 ለ 0 አሸንፎ የዩሮፓ ሊግን ዋንጫ ማንሳቱ ነው። ጠንካራው ተሸካሚ ሲሄድ እጁን አጣጥፎ የነበረው ሁሉ ጎንበስ ብሎ አነሳ እንበል? አትቸኩሉ። ያው ቡድን በዚያው ዓመት በሊጉ ከ20 ክለቦች 17ኛ ነው የወጣው። ሃምሳ ሰው ሎሚ ሊጥልም ይችላል፤ ተረቱ ይህን አልነገረንም።

ወደ ረሆቮት ልመለስ። ማካቢ ሻዓራይምና ሃፖኤል ማርሞሬክ የሚባሉት የከተማዋ ክለቦች ስማቸውን የወሰዱት ከየመን የመጡ አይሁዶች ከሰፈሩባቸው መንደሮች ነው፤ መንደሩ በሙሉ በአንድ ማልያ ይጠራል። የእኛዎቹ የቤተ እስራኤል ወገኖች ድርሻ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው ላይ ይቆለላል። ፊት ባሩክ ደጎ ነበር፤ በ2004 ከማካቢ ቴል አቪቭ ጋር ቻምፒየንስ ሊግ ደርሶ ከባየርን፣ ከዩቬንቱስና ከአያክስ ጋር አንድ ምድብ ውስጥ ተጫወተ። አሁን ተከላካዩ ኤሊ ዳሳ አለ፤ ኔታንያ ተወልዶ የእስራኤል ብሔራዊ ቡድን አምበል እስከመሆን ደረሰ። አንድ ኳስ ሲያበላሽ የተበላሸው የእሱ ኳስ ብቻ አይመስልም። እናትና አባቱን ከየቢሮው ጸሐፊ ጋር በዕብራይስጥ የሚያነጋግር የአሥር ዓመት ልጅ ይህን ሸክም ያውቀዋል። ሎሚው የሃምሳ ሰው ሆኖ ሳለ ጫንቃው የአንድ ልጅ ነው፤ ያከበርነው እየመሰለን የምንጭንበትም እኛው ነን።

ሁሉም ሸክም ግን አይከፋፈልም። ታኅሣሥ 2022 በኳታር፣ በዓለም ዋንጫው ሩብ ፍጻሜ ኬን ፈረንሳይ ላይ የመጀመሪያዋን ፍጹም ቅጣት ምት አግብቶ በእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን የዌይን ሩኒን የ53 ጎል ክብረ ወሰን ተጋራ። ሁለተኛዋን በ84ኛው ደቂቃ ከአግዳሚው በላይ ሰደዳት፤ እንግሊዝ 2 ለ 1 ተሸነፈች። የፈረንሳዩ ግብ ጠባቂ ሁጎ ሎሪስ የቶተንሃም ጓደኛው ነበር። አሥር ባልደረቦቹ ከኋላው ቆመው ያያሉ፤ የሚያግዝ የለም። በመጋቢት ኔፕልስ ላይ ከጣሊያን ጋር ሌላ ፍጹም ቅጣት ምት ተገኘ። ኳሷን አንስቶ ያስቀመጠው ያው ኬን ነው። ገባች፤ 54 ሆነ።