አደራ እስከ መቼ ነው?

«አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ቃል ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ገንዘብና ስለ ከብት ሲነገር ነው። እኛ በአሰላ ከተማ በመዝገብ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ግን ሌላ ዓይነት አደራ ይዘናል፤ ይኸውም የሰው ስም፥ የልደቱ ቀን፥ የሕመሙ ታሪክና ያቀረበው አቤቱታ ነው። ይህ አደራ ዛሬ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር እየተሻገረ፥ በስልክም እየተላከ ይገኛል። እንግዲህ ጥያቄአችን ይህ ነው፤ ምሥጢርን ለዛሬ ብቻ የዘጋ ሰው አደራውን ጠበቀ ይባላልን?

ነገሩን እናስረዳ። በኮምፒዩተር የሚላክ መልእክት የሚቆለፈው በሒሳብ ነው። ሁለት ታላላቅ ቁጥሮችን ማባዛት ቀላል ነው፤ ከብዜቱ ተነሥቶ ሁለቱን ፈልጎ ማግኘት ግን ዛሬ ላሉት መሣሪያዎች የማይሞከር ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. ፒተር ሾር የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ፥ ኳንተም ኮምፒዩተር የሚባለው መሣሪያ በበቂ መጠን ቢሠራ ይህን ቁልፍ ሊፈታ እንደሚችል አሳየ። ያን የሚያህል መሣሪያ ገና አልተሠራም። ሆኖም ሌባ የተቆለፈውን መልእክት ዛሬ ገልብጦ፥ መክፈቻው እስኪገኝ ድረስ ሊያስቀምጠው ይችላል።

«ገና ላልመጣ ሌባ ለምን እንጨነቃለን? ከዚህ የሚቀድም ስንት ችግር አለብን» የሚል ይኖራል። ነቀፋው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የአርሲ ገበሬ መልሱን ያውቃል። ዲገሉ የተባለው ስንዴ ቢጫ ዋግን ስለ ተቋቋመ በደጋው በብዛት ይዘራ ነበር፤ በ2006 ዓ.ም. ግን ሌላ ዓይነት የግንድ ዋግ ተነሥቶ በአርሲና በባሌ ክፉኛ ጎዳው። በአሰላ አጠገብ ያለው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ሊቃውንት አዲስ ዘር ለማዘጋጀት ዘወትር የሚደክሙት ስለዚህ ነው። ያም ሆኖ ዋግ የመታው ማሳ በሚቀጥለው ክረምት ሌላ ዘር ይዘራበታል፤ የተገለበጠ ምሥጢር ግን ዳግመኛ አይቆለፍም። ዛሬ የተመዘገበ ሕፃን ከ30 ዓመት በኋላም ያው ሰው ነው፤ የተጻፈበት ሕመምም ያው ነው።

መድኃኒቱ ደግሞ አልታጣም። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም፥ በዚያው አቆጣጠር በ2024 ዓ.ም.፥ አዲሱን መሣሪያ ይቋቋማሉ የተባሉ፥ ለመቆለፍና ለፊርማ የሚያገለግሉ ሦስት ደረጃዎችን አወጣ። ሲግናል የተባለው የመልእክት መላኪያ በ2023፥ የአፕል ኩባንያም በ2024 ለመልእክቶቻቸው እንዲህ ያለውን ጥበቃ ጨመሩ። ዳሩ ግን አዲስ ሁሉ አስተማማኝ አይደለም፤ ለዚሁ ተግባር ታጭቶ የነበረው ሳይክ የተባለ ሥርዓት በ2022 በተራ ኮምፒዩተር በአንድ ሰዓት ያህል ተፈታ። ስለዚህ ብልሆቹ አሮጌውን ቁልፍ ሳይጥሉ አዲሱን ይደርቡበታል።

እኛስ ምን ይጠበቅብናል? ሒሳቡን መፍጠር የእኛ ፈንታ አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ያዝዛል፤ ሕግ ግን ሕሊናን አይተካም። በእጃችን ያለው ምሥጢር ስንት ዓመት እንደሚኖር እንጠይቅ፤ ዕድሜው ረዥም የሆነው አስቀድሞ በአዲሱ ቁልፍ እንዲዘጋ ለአለቆቻችን እናሳስብ፤ ለሥራው የማያስፈልገንንም ከሰው አንጠይቅ። ያልተጻፈ ምሥጢር በማናቸውም መሣሪያ አይከፈትምና።

ከጭላሎ ግርጌ መጥቶ ስሙንና ሕመሙን የሚነግረን ገበሬ ስለዚህ ሁሉ አልሰማም፤ ስላልሰማም አይጠይቀንም። አደራ ማለት ግን ጠያቂ በሌለበትም የሚጠበቅ ነገር ነው።