ግድግዳ ለማጠብ ለተነሣው የእህቴ ልጅ

ልጄ፣ የመጋዘኑን የሌሊት ሥራ ትተህ፣ እቁቡ እንደወጣልህ ፓወር ዋሽ ማሽን ገዝተህ የሰው ቤት ልታጥብ መነሣትህን እናትህ ነገረችኝ። እሰየው ብያለሁ። አትላንታ ውስጥ ለዚህ ሥራ ደንበኛ አይጠፋም፤ ከስቶን ማውንቴን እስከ ሎረንስቪል ባለው ሰፈር ግድግዳው አረንጓዴ ያልለበሰ፣ ጣሪያው ያልጠቆረ ቤት ማግኘት ነው የሚያስቸግረው። ነገር ግን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለውናል አባቶቻችን። ማሽን መግዛቱ መጠምጠሙ ነው። ትምህርቱን ማሽኑን የሸጠልህ ሰው አልነገረህምና፣ በዚህ አገር ቤት ስቀባና ሳጥብ የኖርኩት አጎትህ ልንገርህ።

መጀመሪያ የምታጥበውን ነገር እወቀው። የአገራችን ዝናብ ሐምሌና ነሐሴን ሲወርድ ከርሞ፣ መስቀል ሲደርስ ፀሐይ ትወጣለች፤ ግድግዳውም ይደርቃል። ጆርጂያ እንዲህ አይደለችም። በዓመት የሚጥለው 1,270 ሚሊሜትር ያህል ዝናብ በአሥራ ሁለቱም ወር ተከፋፍሎ ነው የሚመጣው፤ ሰመሩ ደግሞ ሙቀቱ ከነወበቁ ነው። በዚያ ላይ ቤቱ ሁሉ በጥድና በኦክ ጥላ ሥር ነው። አንድ ቤት ስትደርስ አስቀድመህ ወደ ሰሜን የዞረውን ግድግዳ ተመልከት። ፀሐይ በዚህ አገር፣ በተለይ በቅዝቃዜው ወራት፣ በደቡብ በኩል ዝቅ ብላ ስለምታልፍ፣ ያ ግድግዳ የሌሊቱን ርጥበት ቶሎ አያራግፍም። አረንጓዴው አልጌ ነው፤ ጥቁር ነጠብጣቡ ሻጋታ ነው። ሁለቱም ሕይወት ያላቸው ናቸው። የዚህ ሥራ ምሥጢርም ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ጭቃና አቧራ በጉልበት ይለቃል፤ ሕይወት ያለውን ግን መጀመሪያ ትገድለዋለህ፣ ከዚያ ታለቀልቀዋለህ።

ብዙ ወጣት ይህን አይሰማም። ማሽኑን አስነሥቶ ግድግዳውን በውሃ ይገርፈዋል። ለዕለቱ ያምራል፤ ባለቤቷ ትመርቀዋለች፤ ገንዘቡንም ይቀበላል። ነገር ግን በስንጥቁና በቀዳዳው የቀረው አልጌ አልሞተምና ጥቂት ዝናብ ሲጠጣ ተመልሶ ይለብሳል። «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» የተባለው ለእርሻ ብቻ አይደለም። የምትመለሰው ደግሞ በነጻ ነው፤ ለዚያው ግድግዳ ሁለተኛ የሚከፍልህ የለም።

የሚገድለው በረኪና ነው። ለባለሙያ የሚሸጠው እስከ 12.5 በመቶ ጥንካሬ አለው፤ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ግን 1 በመቶ ገደማ ቢሆን ይበቃል። በፓምፕ የምትረጭ ከሆነ አንዱን እጅ በረኪና በ11 እጅ ውሃ አቅጥነህ፣ እንዲጣበቅ ትንሽ ሳሙና ጨምርበት። በማሽኑ መሳቢያ የምትስብ ከሆነ ማሽኑ ራሱ አሥር እጥፍ ያህል ስለሚያቀጥነው፣ አንተ ቀድመህ አታቅጥነው። ከታች ወደ ላይ እየረጨህ ውጣ፤ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ጠብቅ፤ ፀሐይ ሳያደርቀው ከላይ ወደ ታች አለቅልቀው። በዚያች የጥበቃ ጊዜ እጅህን አጣጥፈህ ግድግዳውን እየው። አረንጓዴው መልኩ ይለወጣል፣ ይገረጣል፤ ጥቁሩ ወደ ቡናማ ይዞርና ይጠፋል። ሲገረጣ ሥራው አልቋል፤ ውሃው የሚያነሣው የሞተውን ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላልና እነዚያን ደቂቃዎች በጉልበት ልግዛቸው አትበል። ሻጋታ ይሁን ተራ እድፍ ከተጠራጠርክ አንድ ጠብታ በረኪና ጣልበት፤ ነጣ ካለ ሻጋታ ነው፣ ካልነጣ ሌላ ነገር ነው። በረኪናውን ደግሞ በሰመር መኪናህ ላይ አታሳድር። ሙቀት ጥንካሬውን ይበላዋል፤ አዲስ አዲሱን ግዛ፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጥ።

ማሽንህ 3,000 ፒኤስአይ ግፊት ያወጣል ብለውሃል። ለኮንክሪት መልካም ነው፤ ግድግዳውን ለሚያለብሰው ቪኒል ሳይዲንግ ግን ጠላት ነው። ለግድግዳ ማለቅለቂያ ከአትክልት ጎማ ብዙም ያልበለጠ ግፊት ይበቃሃል፤ ሶፍት ዋሽ የሚሉት ይህንኑ ነው። ከግፊቱ ይልቅ የውሃውን ብዛት ፈልግ። በደቂቃ 4 ጋሎን፣ 15 ሊትር ያህል ማለት ነው፣ የሚሰጥ ማሽን ግፊቱ ዝቅ ተደርጎም ቢሆን ቶሎ ያለቀልቃል። ከማሽኑ ጋር ከመጡት አፎች ቀዩ ዜሮ ዲግሪ ነው፤ ዛሬውኑ ከሳጥኑ አውጥተህ ጣለው። ቢጫው 15፣ አረንጓዴው 25፣ ነጩ 40 ነው፤ ጥቁሩ የሳሙና ነው። ግድግዳ ላይ ከነጩና ከጥቁሩ ሌላ አትግጠም።

ሳይዲንግ ታሽጎ የተዘጋ ግድግዳ አይደለም። አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ የተንጠለጠለ ነው። ከላይ ለሚወርድ ዝናብ ተሠርቷል፤ ከታች ወደ ላይ የሚወረወርን ውሃ የሚያግድበት የለውም። መሬት ላይ ቆመህ ሽቅብ በግፊት ብትረጭ ውሃው ከድርቡ ሥር ገብቶ ከኋላ ያለውን እንጨት ያርሰዋል። ባለቤቷም አታየው፣ አንተም አታየው። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፤ ከወራት በኋላ ሳሎኑ ሻጋታ ሻጋታ ይላል። ስለዚህ ዘንጉን አስረዝመህ ውሃው ከላይ ወደ ታች እንዲወርድ አድርግ። በጡብ ቤትም በታችኛው ረድፍ ሲሚንቶ ያልተሞላባቸው ክፍተቶች ታያለህ፤ የግንበኛ ጉድለት አይደሉም፣ ከጡቡ ኋላ ያለው ርጥበት የሚወጣባቸው ናቸው፤ ወደነሱ አታነጣጥር። ከመጀመርህ በፊት ደግሞ ጣትህን ግድግዳው ላይ አሽተህ ተመልከት። ነጭ ዱቄት ከያዘልህ ላዩ በፀሐይ አርጅቷል፤ ግፊት ካሳረፍክበት ዘንጉ የሄደበት ሁሉ መስመር መስመር ሆኖ ይቀራል፤ ከቀለም በቀር የሚመልሰው የለም።

ስለ ጣሪያ አጥብቄ ነው የምነግርህ። በአስፋልት ሺንግል ላይ ቁልቁል የሚወርደው ጥቁር መስመር ጥላሸት አይደለም፤ ግሎዮካፕሳ ማግማ የምትባል ረቂቅ ተሐዋሲ ናት። ሺንግሉ ውስጥ ያለውን የኖራ ድንጋይ ዱቄት ትመገባለች፤ ጥቁረቷም ከፀሐይ ጨረር የምትከለልበት ነው። በዓይንህ ማረጋገጥ ከፈለግህ ከጣሪያው የሚወጣውን የአየር ቧንቧ የከበበውን ቆርቆሮ እይ፦ በሌላው ቦታ በጠቆረ ጣሪያ ላይ ከሱ ሥር ቁልቁል ንጹሕ መስመር ወርዶ ታገኛለህ። ዝናቡ ከቆርቆሮው ዚንክ እያጠበ የሚያወርደው ነገር አላኖራት ስላለ ነው። ደንበኛህ ጣሪያው ዳግመኛ እንዳይጠቁርባት ከፈለገች፣ በጣሪያው አናት ላይ የዚንክ ወይም የመዳብ ጠፍር ማስመታት እንደሚረዳ ንገራት፤ ለአንተ የማጠብ ሥራ ቢቀንስብህም ንገራት።

ሺንግል ላይ ግፊት ያለው ውሃ ማሳረፍ ፈጽሞ ነውር ነው። ላዩ ላይ የተነሰነሰው ጠጠር ሺንግሉን ከፀሐይ የሚጠብቀው ነው፤ እሱ ከተገፈፈ ጣሪያው ዕድሜውን ጨረሰ። የአሜሪካ የአስፋልት ጣሪያ አምራቾች ማኅበር የሚመክረው በረኪናና ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅሎ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አቆይቶ፣ በዝግታ ማለቅለቅን ነው፤ በረኪና ሲል የልብስ ማጠቢያውን ነው እንጂ ያንን የባለሙያውን አይደለም። «ሰው ሲታማ ለኔ ብለህ ስማ»፤ የእኛው ሰፈር አንድ ልጅ የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር (ኤችኦኤ) ደብዳቤ የላከባቸውን ባልና ሚስት ጣሪያ በሙሉ ግፊት አጠበላቸው። ከሰዓት በኋላ አሸንዳው በጠጠር ሞልቶ ውሃው በጎን ይፈስ ነበር። ኢንሹራንስ አልነበረውም፤ የጣሪያውን ዋጋ ከፍሎ እስኪጨርስ ሌላ ሥራ ሠራ።

ኢንሹራንሱ ላይ እንዳለን፦ ወረቀቱን አንብበው። «ጽዳት» የሚል ጽፎ ጣሪያንና ከፍታን የማይሸፍን ውል ብዙ ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። እንዲህ ካለ ውል ጋር ጣሪያ ላይ ከመውጣት እምቢ ብለህ ግድግዳህን ብታጥብ ይሻልሃል።

የእንጨት ደክ ከ500 እስከ 600 ፒኤስአይ ካለፍክበት ይፋቃል፣ ቃጫውም ይቆማል። ድራይቭዌይ ላይ ግን ክቡን ማጠቢያ ገጥመህ እንዳሻህ ግፋ፤ ብዙም የምመክርህ የለኝም።

አሁን ስለ ራስህ። በረኪናን ከአሞኒያ ጋር፣ በረኪናን ከኮምጣጤም ሆነ ከየትኛውም አሲድ ጋር በአንድ ባልዲ አታገናኝ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፣ ይገድላልም። ማሽኑን በሩ ክፍትም ቢሆን ጋራዥ ውስጥ አታስነሣ፤ የቤንዚን ሞተር የሚተፋው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። መሰላል ላይ ወጥተህ የዘንጉን ቃታ አትሳብ፤ ውሃው ሲለቀቅ ወደ ኋላ ይገፋሃል። ጄቱ እጅህን ቢነካህና ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ብታይ «ምንም አይደል» ብለህ በፋሻ አትጠቅልለው፤ ውሃው ከቆዳህ ሥር ዘልቆ ሊሆን ስለሚችል ያንኑ ሰዓት ሆስፒታል ሂድ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም»፤ ለሐኪሙም የተጎዳኸው በፓወር ዋሽ መሆኑን ንገረው። ሶኬቱንና ቆጣሪውን ሸፍን። ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነና ቀለሙ የሚረግፍ ከሆነ ማሽኑን አታስነሣ፤ በዚህ አገር በእርሳስ የተቀመመ የቤት ቀለም የተከለከለው በዚያ ዓመት ነው፤ የረገፈው ፍርፋሪ በግቢው አፈር ላይ ሕፃናት የሚጫወቱበት ይሆናል።

አትክልቱን ከመርጨትህ በፊት አጠጣው፣ እየረጨህ አጠጣው፣ ስትጨርስም አጠጣው። ውሃ የጠገበ ቅጠል በረኪና አይጠጣም። ከመንገዱ ዳር ያለው የዝናብ ውሃ ማፋሰሻ ደግሞ ወደ ማጣሪያ አይሄድም፤ እንዳለ ወንዝ ይገባል። ፒችትሪ ክሪክ የገባው ቻታሁቺ ይገባል፤ ከዚያ ወንዝ ኮለምበስ ድረስ ሰው ይጠጣል። የ1972ቱ የንጹሕ ውሃ ሕግም ይጠይቅሃል፤ ሕጉ ባይኖር እንኳ የሰው መጠጥ ነው። የምታጥብበትን ውሃ ወደ ሣሩ አዙረው።

በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ መጀመሪያ የጥዱ ብናኝ መኪናውንም ግድግዳውንም ቢጫ ያለብሰዋል። ሰው ሁሉ የሚደውልልህ ያኔ ነው፤ ገንዘቡም ያጓጓል። ጥቂት ሳምንታት ታገሡ በላቸው። ብናኙ ሳያልቅ ብታጥብ ታጥቦ ጭቃ ነው፤ ስሙም የሚነሣው የአንተ ነው።

ደንበኞችህ መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ይሆናሉ። በስልክ ዋጋ አትንገራቸው፤ ሄደህ አራቱንም ጎን ዙር። ስትዞር የማይለቀውን ፈልግ። ከአትክልቱ ሥር ከተነጠፈው የእንጨት ፍርፋሪ ውስጥ የሚበቅል ፈንገስ አለ፤ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦችን ወደ ግድግዳው ያስፈነጥራል፤ በረኪናም አይነቅላቸው፣ ስትፍቃቸውም ቡናማ ምልክት ይተዋሉ። የጆርጂያ ቀይ አፈር ከግድግዳው ሥር የረጨው እድፍ የብረት ዝገት ስላለበት በበረኪና አይለቅም፤ የአሲድ ማጽጃ ይፈልጋል፣ እሱም በረኪናው ፈጽሞ ታጥቦ ከሄደ በኋላ ሌላ ቀን ነው። አንዷ እትዬ የልጆቿ ምርቃት ሳይደርስ ቤቱ ሁሉ እንዲያበራ ብትለምንህ «ሁሉንም አስለቅቃለሁ» አትበላት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ነጥቦቹን በጣትህ እያሳየህ «ይኼ ይለቃል፣ ይኼ አይለቅም» በላትና በወረቀት ጻፈው፤ የግድግዳውንም የጣሪያውንም የአትክልቱንም ፎቶ አንሣ፤ ከተስማማችና ከፈረመች ማሽኑን ያኔ ከመኪናው አውርድ።