የመታዘዝ ዋጋ
ጄሪ ብራውን በወጣትነቱ በኢየሱሳውያን ዘንድ ለክህነት ይዘጋጅ ነበር። ኋላ የካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ከንቲባ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2001፣ ከክፍለ ግዛቱ ብሔራዊ ዘብ ጋር ተባብሮ ኦክላንድ ሚሊተሪ ኢንስቲትዩትን አስከፈተ። በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር፣ ክፍያ የሌለው ቻርተር ትምህርት ቤት ነው።

እዚሁ ኦክላንድ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ እዚያ ይማራል። መለዮ ለብሶ፣ በሰልፍ ቆሞ ይውላል። አንድ እሑድ፦ «ጋሼ፣ ሳላምንበት ብታዘዝ እግዚአብሔር ይቆጥርልኛል?» አለኝ።

በገዳሞቻችን ረድእ ለአበምኔቱ የሚታዘዘው መውጣት እየቻለ በመቅረቱ ነው። ይህን ልጅ ግን የላከችው እናቱ ናት። ስለዚህ ሰልፉን ከምንኩስና ጋር የሚያመሳስሉትን አልቀበልም። መታዘዝ ሁሉ ባርነት ነው የሚሉትንም አላምንም፤ እኔን ጾም ያስጀመረችኝ እናቴ ናት፣ ሰውነቴ ቀድሞ ለመደው፣ ልቤ ከዓመታት በኋላ ደረሰበት። ለልጁ የምፈራው «ለምን?» ብሎ መጠየቅ እንደ ጥፋት እንዳይቆጠርበት ነው።

ስለ ሠለስቱ ደቂቅ ነገርኩት። በንጉሥ ናቡከደነፆር ቤት የከለዳውያንን ትምህርት ተማሩ፣ ተሾሙ፣ በትጋት አገለገሉ። ንጉሡ ላቆመው ምስል ስገዱ ሲባሉ ግን እምቢ አሉ፤ ያንን እምቢታ ቤተ መንግሥቱ አላስተማራቸውም፣ ከቤታቸው ይዘውት የመጡት ነው። ለእናቱም ልጁ እዚያው እንዲቀጥል፣ እሑድ እሑድ ግን እንዳይቀርብኝ አጥብቄ ነገርኳት።