ትርፏ ካርታ

ያለፈው ሴሚስተር ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ የአዳማ ሙቀት አላስቀምጥ አላስተኛ ባለን ሰሞን፣ ከዶርም ጀርባ ዛፍ ጥላ ሥር የካርታ ውድድር አዘጋጅተን ነበር። መዋጮው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ሽልማቱም አንድ ምሳና ለስላሳ ነው። ግን ተማሪ አንዴ ከተወዳደረ ለምሳው ብቻ አይጫወትም። ዳኞቹ እኛው ነበርን። በፍጻሜው ላይ ከመቂ በኩል የመጣ አንድ ልጅ (ስሙን አንጠራም፤ ምክንያቱን ኋላ ታዩታላችሁ) “ጨረስኩ” ብሎ ካርታውን ሲዘረጋ ቆጠርነው። አንዲት ካርታ ትተርፋለች።

“ሌባ!” አለ አንዱ ከኋላ። ከዚያ ወዲያ ማን ምን እንዳለ መለየት አልተቻለም።

ልጁ “ተጣብቀው ነው እንጂ አላየኋትም” አለ። ካርታዎቹን እናውቃቸዋለን፤ ስንት ዓመት በስንት እጅ ያለፉ፣ ላብና የሻይ ስኳር የጠጡ ናቸው። ሁለቱ ተለጥፈው እንደ አንድ ቢነሡ አይገርምም። እንግዲህ ተሳሳተ እንበል ወይስ አጭበረበረ? እጁ ያደረገችው በሁለቱም መንገድ ያው ነው፤ ተጋጣሚውም በሁለቱም መንገድ ይጎዳል። ታዲያ ልዩነቱ የቱ ጋ ነው? ልቡ ውስጥ ነው እንዳንል፣ ልብ ከፍቶ የሚያይ ዳኛ ከየት ይመጣል?

ሕግ ይህን ከኛ በፊት አስቦበታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ታስቦ የተደረገን ጥፋት በአንቀጽ 58፣ በቸልተኝነት የተደረገን በአንቀጽ 59 ለይቶ ያስቀምጣል። ከሁለቱም ውጭ በድንገት የደረሰውን ደግሞ ጥፋት አይለውም። የኛ ጓደኞች ግን ያን ዕለት የሚያውቁት ሁለት ሳጥን ብቻ ነበር፤ ጻድቅና ሌባ።

የመካከለኛው ሳጥን ነገር ሲነሣ ሰኔ 2005 ዓ.ም. ትዝ ይለናል። ያኔ ልጆች ነበርን፤ ሰኔ 9 ቀን ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ግን ሰዉ መንገድ ወጥቶ ሲጨፍር አብረን ጨፍረናል። የሰውነት ቢሻው ልጆች ለዓለም ዋንጫ የመጨረሻውን የማጣሪያ ዙር ረገጡ ተባለ። ጭፈራው ሳይበርድ ፊፋ ጉዳይ ከፍቻለሁ አለ። ለካስ ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋና ሜዳ ላይ 2 ለ 1 ባሸነፍንበት ግጥሚያ፣ በሁለት ቢጫ ካርድ ማረፍ የነበረበት ምንያህል ተሾመ ተሰልፎ ኖሯል። (ይኸም በካርድ መጣ ማለት ነው!) ፌዴሬሽኑ ጥፋቱን አልካደም። ግጥሚያው 3 ለ 0 እንደተሸነፍን ተቆጠረ፣ 13 የነበረው ነጥባችን 10 ሆነ፣ 6,000 የስዊስ ፍራንክም ተቀጣን።

ብዙዎቻችን “በስህተት እንዴት እንቀጣለን?” ብለን ተናደን ነበር። ዛሬ ስናስበው ቦትስዋናዎች ምን አደረጉ? የኛ ሰው ቢጫ ካርድ መቁጠር ስለ ረሳ እነሱ ለምን ይሸነፉ? ነጥቡን መውሰድ ሚዛኑን ማስተካከል ነው። ሌባ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ነጥብ በሌላ ጨዋታ ይመለሳል፣ ስም ግን ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ? ነጥቡስ ተመለሰ፤ ጳጉሜን 2 ቀን ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን አለፍን። ኋላ ናይጄሪያ አስቀረችን እንጂ። ያም ሆኖ መቁጠር ሥራው የነበረ ሰው “ረሳሁ” ሲል ነጻ ነው ማለታችን አይደለም። ልብ አለማለት ሌብነት ባይሆንም የራሱ ዕዳ አለው።

ሌላም አለ። መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ደራራ ሁሪሳ የቪየናን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ጫማው ሲለካ የሶሉ ውፍረት 5 ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ የሚፈቀደው 4 ነው። ድሉ ከሦስት ሰከንድ በኋላ ለገባው ኬንያዊ ለሊዮናርድ ላንጋት ተሰጠ። (ይኸው ሯጭ በ2020 እ.ኤ.አ. የሙምባይን ማራቶን ያሸነፈው በተዋሰው ጫማ ነበር፤ ከጫማ ጋር ምን እንዳለው እንጃ!) አጭበርብሮ ነው? ልቡን አላየንም። ያየነው ጫማውን ነው፤ ጫማውንም ያየነው እሱ ስላልደበቀው ነው። 42 ኪሎ ሜትር ሙሉ ካሜራ ፊት ሮጦበታል። አጭበርባሪ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚማረው መደበቅን ነው። ይህ ማስረጃ ባይሆንም ምልክት ነው፤ ዳኛ ደግሞ ከምልክት ሌላ ብዙ ነገር የለውም።

ስለ መደበቅ ካነሣን፣ በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣ “ማጂክ” የሚባል የካርድ ጨዋታ አለ፤ በብዙ አገር ትልልቅ ውድድር ይደረግበታል። ዳኞቹ የሚመሩበት የቅጣት መመሪያ አለ። በስህተት ደንብ የጣሰ አብዛኛውን ጊዜ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ ሲከፋ ያን ጨዋታ እንደተሸነፈ ይቆጠራል። ከውድድሩ የሚባረረው አጭበርባሪ ነው፤ አጭበርባሪ የሚባለውም ስህተት መሆኑን እያወቀ ጥቅም ሲፈልግበት ነው። እኛን ያስደነገጠን ግን ሌላው ነጥብ ነው። በጨዋታው ውስጥ የተፈጠረን ስህተት፣ የራሱንም ቢሆን፣ አይቶ ይጠቅመኛል ብሎ ዝም ያለ ተጫዋችም አጭበርባሪ ነው!

ይህን ለዶርም ጓደኞቻችን ስንነግራቸው ትልቅ ክርክር ተነሣ። አንዱ “እንዴ! እኔ ያላደረግሁትን ነገር ለምን እጠየቅበታለሁ?” አለ። እሺ፣ ካርታውን እንተወውና ወደ ፈተና እንምጣ። መምህሩ ሲደምር ተሳስቶ የ22ቱን 27 ብሎ ጻፈልህ እንበል። ስህተቱ ያንተ አይደለም። ማታ አልጋህ ላይ ሆነህ ደመርከው፤ 22 ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያቺ አምስት ማርክ የማን ናት? ትናንት የመምህሩ ስህተት ነበረች፤ ዛሬ ዝም ያልክባት አንተ ነህ። ግሬድ በንጽጽር በሚሰጥበት ክፍል ደግሞ አምስቷ ከሰማይ አልወረደችም፤ ጎንህ ከተቀመጠው ልጅ ላይ ነው የምትወሰደው። ስንቶቻችን ወረቀቱን ይዘን ቢሮ እናንኳኳለን ብለን ጠየቅን። ሳቅ ሆነ። አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም፤ እሱም እንደሚሄድ አልተናገረም።

ስለዚህ ስህተት ሁለት ሰዓት ያለው ይመስለናል፤ የተደረገበትና የታወቀበት። በመጀመሪያው ሰዓት ሁላችንም ያው ነን፤ ካርታ ይጣበቃል፣ ቁጥር ይዘለላል፣ ጫማ ይለዋወጣል። ሰው የሚለየው በሁለተኛው ነው። እዚያ ዛፍ ሥር ልጁን “ሰርቀሃል ወይ?” ብለን መጮኻችን ከንቱ ነበር። መጠየቅ የነበረብን “መቼ አየሃት?” ብለን ነበር። ከኛ አንዱ መጨረሻ ላይ ጠየቀው። ልጁ ቀና ብሎ አየንና መልስ ሳይሰጥ ካርታውን አስቀመጠ። ዝምታውን እንደ ማመን ቆጥረን ከውድድሩ ሰረዝነው።

አሁን ስሙን ያልጠራንበትን ምክንያት እንንገራችሁ። ትርፏን ካርታ ከሱ በፊት ያየ ሰው ነበረ። ከዳኞቹ አንዱ ከጀርባው ቆሞ ስለነበር ሁለት ዙር ቀደም ብሎ ሁለቱ ካርታዎች ተደራርበው አይቷል። አልተናገረም። በኋላ ለምን ብለን ስንጠይቀው መጀመሪያ “ራሱ ያያታል ብዬ ነው” አለ፤ ቆይቶ ግን ተጋጣሚው ካምናም ያሸነፈ ጉረኛ ስለሆነ ቢሸነፍ ደስ ይለው እንደነበር ነገረን። እንግዲህ በዚያ መመሪያ ብንሄድ ያን ዕለት መሰረዝ የነበረበት መጀመሪያ ዳኛው ነው። ይህን ስንሰማ ልጁ ፈተናውን ጨርሶ የመቂን ሚኒባስ ተሳፍሯል። እኛም ከሰማን በኋላ አንድ ክረምት ሙሉ ዝም ብለናል።

ምሳውን ጉረኛው ጋበዘን፤ ዳኞቹም አብረን በላን።

ልጁ ዘንድሮ ተመልሷል፤ ካርታ ወዳለበት ግን አይደርስም። ይህች ጽሑፍ ተባዝታ ከመበተኗ በፊት ከኛ አንዱ ዶርሙ ድረስ ሄዶ እንዲነግረው ተስማምተናል። ማን ይሂድ በሚለው ላይ ግን እስካሁን እየተከራከርን ነው።