ክፍያውን ከፈላችሁ እንጂ ልጁን አልገዛችሁትም

የወንድማችሁን ወይም የእኅታችሁን ልጅ ለማስተማር ገንዘብ ይዛችሁ «ሕክምና ከገባህ እስከ መጨረሻው አስተምርሃለሁ፤ ሌላ ካሰብክ ግን ከእኔ ሰባራ ሳንቲም አትጠብቅ» የምትሉ አጎቶችና አክስቶች፣ ይህ ተግሣጽ የእናንተ ነው። የገዛ ልጃችሁን እንዲሁ የምትይዙ አባቶችና እናቶችም አብራችሁ ስሙ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ «እግዜር ይስጥልኝ፤ በዚህ ቃል ግን አልቀበልም» ባለ ጊዜ ዘመድ አዝማዱን ሰብስባችሁ የበላበትን ወጪት ሰባሪ አላችሁት። ልጁ ገና ከእጃችሁ አንድ ጉርሻ አልቀመሰም ነበር። ያልበላውን እንዳይበላ መፍራቱ ስለ ምን ነውር ሆነበት?

እስኪ ልትሰጡት የነበረውንና የጠየቃችሁትን ጎን ለጎን አስቀምጡት። ልትሰጡት የነበረው የጥቂት ዓመት የኮሌጅ ክፍያ፣ የቤት ኪራይና የመጽሐፍ ገንዘብ ነው። ትልቅ ነገር ነው፤ አላሳንሰውም። የጠየቃችሁት ግን ልጁ ከተመረቀበት ቀን አንሥቶ በ60 ዓመቱ ጡረታ እስኪወጣ በየማለዳው ተነሥቶ የሚሄድበትን ሥራ ነው። አርባ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ በአምስትና በስድስት ዓመት ክፍያ ልትወስዱ ነበር። ልጁ ሒሳቡን አስልቶ እንቢ ቢል ብልህ ነው ተብሎ ሊመሰገን በተገባው።

መንግሥት እንኳ ተማሪውን ባለዕዳ ሲያደርገው ልክ አበጅቶለታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወጪ መጋራት ደንብ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን፣ ተመርቆ ሲሠራ ከገቢው እየተቆረጠ እንዲከፍል አዘዘ፤ ለመምህርነት የሠለጠነው ዕዳውን በአገልግሎት እንዲወጣም ፈቀደ። ዕዳው በብር ተጽፏል፤ ተከፍሎ ሲያልቅ ያልቃል። የእናንተ ዕዳ መጠኑም አልተጻፈ፣ ማብቂያም የለው። በሠርጉ ቀን ታነሡበታላችሁ፤ ደመወዝ አነሰኝ ሲል ታነሡበታላችሁ፤ እናቱ ታማ ብትተኛ እንኳ ከአልጋዋ አጠገብ «እኔ ባላስተምርህ ኖሮ» ማለታችሁ አይቀርም።

መንግሥትም ንጹሕ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. በተጀመረው የ70/30 አመዳደብ ከመቶ ሰባው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ ሲደረግ፣ ምርጫውን በፎርሙ ላይ ሞልቶ ሌላ ቦታ የተጣለው ብዙ ነው። ያን ጊዜ በየቤታችን አለቀስን፤ «ልጄን የማትወደው ዲፓርትመንት አስገቧት» ብለን አማረርን። እንዲህ ያለቀስን ሰዎች ግን ከዚያ የባሰ ምደባ ሳሎናችን ውስጥ እናካሂዳለን። ልጁ አሥረኛን ጨርሶ ናቹራል ወይስ ሶሻል ሲባል፣ ታሪክና ቋንቋ የሚወደውን ልጅ «ሶሻል የሰነፍ ነው» ብለን ናቹራል ውስጥ እናጉረዋለን። ከመንግሥት ምደባ ቢያንስ ቤቱ ሄዶ ሊያለቅስ ይችላል። ከቤቱ ምደባ ወዴት ይሂድ?

ሎሬት አፈወርቅ ተክሌን አስቡ። በ1947 እ.ኤ.አ. የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለ ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ነበር። አስተማሪዎቹ የእጁን ተሰጥኦ አይተው ወደ ሥዕል መሩት፤ ለንደን ውስጥ መጀመሪያ ሴንትራል የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም ስሌድ ገባ። የላከው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ነበር፤ አገሪቱም ከጦርነት ገና መውጣቷ ስለነበረ መሐንዲስ ክፉኛ ያስፈልጋት ነበር። «ለማዕድን ልከንህ ቀለም ትነክራለህ?» ብሎ ከመንገድ መመለስ ማንም የማይከራከርበት ሥልጣን ነበር። አልመለሰውም። ዛሬ አዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ የሚገባ ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚያየው 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው ባለቀለም መስታወት ያ ልጅ የሠራው ነው። ዘውድ የጫነ ከፋይ የተወውን፣ የወር ደመወዛችሁን የምትቆጥሩ እናንተ ጨበጣችሁት።

የእናንተ ልጅ አፈወርቅን ላያክል ይችላል። ደህና የሒሳብ ሠራተኛ፣ ትጉህ የታሪክ አስተማሪ፣ ጥሩ አናጢ ሊሆን ይችላል። ፈቃዱ የሚከበረው ታላቅ ለሚሆነው ብቻ ነው ያለ ማነው? በ18 ዓመቱ የታላቅነቱን ማስረጃ ይዞ የሚመጣ ልጅ የለም።

«ለእንጀራው ብለን ነው» ትላላችሁ። እንግዲያው የእንጀራውን ነገር በቅጡ እዩት። በ2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም ሲደርሱ ሰምታችኋል። ተመርቀው ቅጥር አጥተው የተቀመጡ ሐኪሞችም በአካባቢያችሁ አሉ። የምትሸጡለት የተረጋገጠ እንጀራ በእጃችሁ የለም። ሕክምና ሊመረጥ የሚገባው ክቡር ሙያ ነው፤ በክብሩም ምክንያት ተገዶ የሚገባበት ሊሆን አይገባም። ሌሊት ተረኛ ሆኖ የእናታችሁን ትንፋሽ የሚያዳምጠው ሰው፣ ያን ሥራ ራሱ የመረጠ እንዲሆን አትፈልጉም?

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች ጥፋታችሁ በእጥፍ ይከብዳል። የፌዴራሉ የትምህርት ዕርዳታ ሕግ ያላገባ፣ ልጅ የሌለው፣ በጦር ሠራዊት ያላገለገለ ተማሪ በአብዛኛው 24 ዓመት እስኪሞላው በወላጆቹ እጅ እንዳለ ይቆጥረዋል። ዕርዳታው የሚሰላው ፋፍሳ በሚባለው የማመልከቻ ፎርም ላይ በሚሞላው የእናንተ ገቢ ነው። «ነርሲንግ ካልሆነ አልከፍልም፣ ፋፍሳውንም አልሞላም» ስትሉ ልጁ ራሱን የቻለ ሆኖ ዕርዳታ አያገኝም፤ የእናንተ ገንዘብ ሳይደርሰው የእናንተ ገቢ በር ይዘጋበታል። የሚቀርለት ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን የሚቆጠር፣ ለመጀመሪያው ዓመት ከ5,500 ዶላር የማያልፍ ብድር ነው። ባትከፍሉ መብታችሁ ነው። ፎርም ላይ ገቢያችሁን መጻፍ ግን ሳንቲም አያስወጣችሁም። እሱን መከልከል ልጁን ለማንበርከክ ሆን ተብሎ የሚደረግ ክፋት ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ዓረብ አገር ሆነሽ በሰው ቤት እየሠራሽ ታናሽሽን የምታስተምሪ እኅቴ፣ ላንቺ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ቤሩትም ሁኚ ሪያድ፣ የምትልኪው ገንዘብ ከእንቅልፍሽ የተቀነሰ ነው። «ነርስ ትሁንልኝ» ማለትሽ የአንቺ ዕጣ እንዳይደርሳት ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ያልመረጡትን ሥራ ዕለት ዕለት መሥራት ምን እንደሚያደርግ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። እሷን ከዚያ አድኛት። ቁጣዬ የሚበረታው ግን አገር ቤት ተቀምጠው ያንቺን ላብ አለንጋ ባደረጉት ላይ ነው። «እኅትሽ በባዕድ አገር እየተንገላታች አንቺ ሙያ ታማርጫለሽ?» እያሉ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ያስለቅሳሉ። እነሱ ለክፍያው አምስት ብር አላዋጡም።

አንተም ልጅ፣ ላንተም ቃል አለኝ። እንቢ ማለት ካለብህ የመጀመሪያው ክፍያ ሳይከፈል፣ ፊት ለፊት፣ በአክብሮት በል። እሺ ብለህ ገንዘቡን ተቀብለህ በስውር ሌላ ትምህርት የምትማር ከሆነ አታላይ ነህ፤ የሙያ ፍቅርህ አያነጻህም። ከበላህም በኋላ ልብህ ከዞረ የበላኸውን ቆጥረህ ለመመለስ ተነሣ። ቀን እየሠራህ ማታ ተማር፤ ሦስት ዓመት ዘግይተህ ተመረቅ። የእንቢታህ ዋጋ ይህ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲከፍልልህ አትጠብቅ።

ከፋዮች ሆይ፣ ልትጠይቁ የሚገባችሁ ነገር አለ። ውጤቱን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ይህን ያህል ዓመት እችላለሁ፣ ከዚያ በላይ አልችልም ብላችሁ በግልጽ ንገሩት። ምክራችሁን ስጡ፤ አጥብቃችሁም ስጡ። አቅም ከሌላችሁ ወይም ካልፈቀዳችሁ ጨርሶ አትክፈሉ፤ አጎት የመክፈል ዕዳ የለበትም። ልጁ ምን ሆኖ እንደሚኖር የመወሰን ሥልጣን ግን በማንኛውም ደረሰኝ ላይ አልተጻፈላችሁም። በዚህ ምክንያት የተቀየማችሁት፣ በበዓል እንኳ የማትጠሩት ልጅ ካለ፣ ታላቆቹ እናንተ ናችሁና ቀድማችሁ ደውሉለት። ስለ ክፍያው አታንሡበት፤ ትምህርቱ እንዴት እንደሆነ ብቻ ጠይቁት።