የማጥባት አማና የማን ነው?



አንዲት እናት ልጇን ስድስት ወር ሳይሞላው ውሃ ብታጠጣው ወይም ቅቤ ብታስውጠው «አላዋቂ ናት» ብለን እንፈርድባታለን። እስቲ ቆም ብለን እንጠይቅ፤ የጎደለው የእርሷ ዕውቀት ብቻ ነውን?

ዕውቀቱ የሚከብድ አይደለም። ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፤ እስከ ስድስት ወር ሐኪም ካዘዘው መድኃኒት በቀር ውሃም ቢሆን አይሰጠው ነው። የእናት ወተት አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ስለሆነ በቆላ ሙቀት እንኳ ጥሙን ይቆርጣል። ብዙዎች «ቆሻሻ ነው» እያሉ አልበው የሚደፉት ቢጫው እንገርም ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከል ጸጋ ነው። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2019 በአገራችን በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉት ሕፃናት የእናት ጡት ብቻ ይጠቡ የነበሩት 59 በመቶ ያህሉ ናቸው።

የቀሩት እናቶች ሁሉ አልሰሙም ማለት ነውን? አይደለም። ከጤና ጣቢያ ትምህርቱን ይዛ የተመለሰች አራስ ቤቷ ምን ይጠብቃታል? አማቷ ለጋ ቅቤ ይዘው «እኛ ያሳደግነው በዚህ ነው» ይሏታል። ጎረቤት «ወተትሽ ቀጥኗል፤ የአብሽ ውሃ ስጪው» ትላታለች። ባል ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል። ተቀጥራ የምትሠራ ከሆነች በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በኋላ ያላት ፈቃድ 90 ቀን፣ የስድስት ወሩ ግማሽ ነው። ጉልት ለምትውለዋ ይህም የለም።

አሁን ወደ ሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 233 እንመለስ። አላህ (ሱ.ወ.) እናቶች ሁለት ሙሉ ዓመት እንደሚያጠቡ ሲያወሳ በዚያው አንቀጽ የእናቲቱን ምግብና ልብስ በአባት ላይ ጥሏል፤ እናት በልጇ ምክንያት እንዳትጎዳ ከልክሏል፤ ጡት ማስጣልንም በሁለቱ መዋደድና መመካከር አስሮታል። ከሙፈሲሮች ብዙዎቹ አንቀጹን ከተፈቱ ሴቶች ጋር ያያይዙታል። ለተፈታችው ይህን ያህል ከተባለ በቤታችን ላለችው እንዴት ያንስ? በረመዷንም የምታጠባ እናት ለራሷ ወይም ለልጇ ከፈራች ጾሟን እንድታቆይ ተገርቶላታል። ሸሪዓው ከኢስላም ማዕዘናት አንዱን ካገራላት እኛ የውሃ ጀሪካኗን አናቀልላትምን?

«ተህኒክስ ሱና አይደለምን?» የሚል ይኖራል። አዎን፤ ነገር ግን ተህኒክ በጥቂት የላመጠ ተምር የሕፃኑን ላንቃ ማሸት እንጂ በየዕለቱ ቅቤ ማስዋጥ አይደለም። በተምር ፈንታ ማር ማላስም ዓመት ላልሞላው ሕፃን አደገኛ ነው።

አንተ ወንድሜ ሆይ! ለአማቷ «አይሆንም» የማለቱን ሸክም በአራሷ ላይ አትጣል። ለእናትህ መልካም መዋል ግዴታህ ስለሆነ አንተው በለሰለሰ አንደበት ንገራት፦ «እማዬ፣ ለዚህ አድርሰሽኛል፤ አላህ ምንዳሽን ይክፈልሽ። ለልጁ የእናቱ ጡት ይበቃዋል፤ ቅቤውን ለአራሷ ገንፎ እናውለው።» አያቲቱም ትከበራለች፤ ልጁም ይጠበቃል።

አንቺም እህቴ፣ ያወቅሽውን ለባልሽ ሳትነግሪ አትቅሪ። ዕውቀት በአንዲት ሴት ልብ ብቻ ከተዘጋበት አይሠራም፤ ቤተሰቡ ሲጋራው ግን ለሕፃኑ ጋሻ ይሆናል።

አላህ አማናውን ከሚወጡት ያድርገን። አሚን።